ኤፕሪል 1 ጠዋት የግዛቱን ካዝና ማን ይከፍታል?

ገንዘቡ አለ። ፈቃዱ ግን የለም።

በካናዳ የግዛት መንግሥታት ላይ በየዓመቱ ማርች 31 እኩለ ሌሊት ላይ የሚደርሰው ነገር ባጭሩ ይሄ ነው። የበጀት ዓመቱ ያልቃል፤ ምክር ቤቱ ለዚያ ዓመት የፈቀደው ወጪም አብሮት ያበቃል። ባንክ ያለው ገንዘብ የትም አልሄደም፣ ግብር ከፋዩም መክፈሉን አላቆመም። ግን ኤፕሪል 1 ጠዋት ሆስፒታሉ ለነርሶቹ ደሞዝ የሚከፍልበት ገንዘብ እንዲተላለፍለት፣ የትምህርት ቤት ቦርዱ ድጎማው እንዲለቀቅለት፣ መንገድ የሚጠግነው ተቋራጭ ሒሳቡን እንዲያገኝ «ከካዝና ይውጣ» ለማለት ሕጋዊ ሥልጣን ያስፈልጋል። ያ ሥልጣን የሚመጣው ደግሞ ከምክር ቤቱ ነው።

በዚያ ሰዓት በጀቱ አብዛኛውን ጊዜ አልጸደቀም። አንዳንዴ ጭራሽ አልቀረበም። ኦንታሪዮ በ2025 ፌብሩዋሪ 27 ቀን ምርጫ አካሄደች፤ በጀቷን ያቀረበችው ሜይ 15 ነው። 232.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ወጪ የያዘ ዕቅድ፣ ዓመቱ ከገባ ከስድስት ሳምንት በኋላ። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት የመንግሥት ደሞዝ አልቀረም፣ ድጎማም አልቆመም። ታዲያ ማን ፈቀደ?

መልሱ ጊዜያዊ የወጪ ፈቃድ የሚባለው ነገር ነው፤ የዓመቱ ወጪ በሙሉ እስኪጸድቅ ድረስ መንግሥት እንዲከፍልበት ምክር ቤቱ አስቀድሞ የሚሰጠው ፈቃድ። ስሙ ራሱ እንቅልፍ ያመጣል፣ ዜና ላይም ብዙ አይወራለትም። እኔ ግን የገንዘቡ ሥልጣን በትክክል ማን እጅ እንዳለ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ካሜራ ፊት ከሚነበበው የበጀት ንግግር ይልቅ ይሄንን ቢያነብ ይሻለዋል ባይ ነኝ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከ1867ቱ የካናዳ ሕገ መንግሥት ይጀምራል። አንቀጽ 126 እያንዳንዱ ግዛት ገቢው የሚጠራቀምበት አንድ የተጠቃለለ ፈንድ እንዲኖረው ያደርጋል። እዚህ ዝም ብዬ ካዝና እለዋለሁ። ከዚያ ካዝና ገንዘብ ለማውጣት ሕግ መውጣት አለበት። ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ደግሞ ማንም ተነስቶ የሚያረቀው አይደለም። አንቀጽ 54 ለፌዴራሉ ያስቀመጠውን ደንብ አንቀጽ 90 ወደ ግዛቶችም ያወርደዋል፤ ደንቡ እንደሚለው የዘውዱ እንደራሴ ካላቀረበው በቀር ምክር ቤቱ እንዲህ ያለ ሕግ ማጽደቅ አይችልም። የዘውዱ እንደራሴ ንጉሡን የሚወክል ባለሥልጣን ነው፤ በተግባር ግን የሚያደርገው ካቢኔው ያለውን ነው። እንግዲህ ጠያቂው ሁልጊዜ መንግሥት፣ ፈቃጁ ሁልጊዜ ምክር ቤት ነው ማለት ነው። አንድ ተቃዋሚ «ለዚህ ሆስፒታል 10 ሚሊዮን ይጨመር» የሚል አዋጅ ማቅረብ አይችልም። ይቀነስ ወይም ይከልከል ማለት ግን ይችላል።

ይሄ ደንብ ምን ያህል ጥርስ እንዳለው የሚያሳይ አንድ የቆየ ፍርድ አለ። የመጣው ከኒው ዚላንድ ነው፣ ካናዳ ውስጥ ግን ዛሬም ይጠቀሳል። የባቡር ሚኒስትሩ ለኦክላንድ የወደብ ቦርድ 7,500 ፓውንድ ይከፍላሉ። ሕጉ ክፍያውን የፈቀደው አንድ የኪራይ ውል ከተፈጸመ ብቻ ነበር፤ ውሉ ግን አልተፈጸመም። ጉዳዩ ለንደን ድረስ፣ ያኔ የብሪታንያ ንጉሠ ነገሥት ግዛቶች ሁሉ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደነበረው የዘውድ ምክር ቤት ደረሰ። በ1924 የወጣው ፍርድ እንዲህ የሚል ነው፦ ያለ ፓርላማ ግልጽ ፈቃድ ከካዝና የወጣ ገንዘብ ሕገ ወጥ ነው፣ ከተቀባዩም ተከታትሎ ማስመለስ ይቻላል። ከከፋዩ ሳይሆን ከተቀባዩ! የግምጃ ቤት ሒሳብ ሠራተኞች ኤፕሪል 1 ላይ «ትንሽ ቆይቶ ይጸድቃል፣ እስከዚያ እንክፈል» የማይሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን በጀቱ ቀደም ብሎ አይጸድቅም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከበጀት ንግግሩ ጀርባ ግን የየሚኒስቴሩ የወጪ ዝርዝር የሚባል ወፍራም ሰነድ አለ። ምክር ቤቱ እሱን በኮሚቴ እያየ፣ ሚኒስትሮችን እየጠራ፣ «ይሄ 40 ሚሊዮን ምንድነው?» እያለ መጠየቅ አለበት። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። መንግሥት በበኩሉ የገቢ ትንበያው ትኩስ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ከፌዴራሉ መንግሥት የሚመጣውን ድጋፍም ማወቅ አለበት። ሁሉም ማርች 31 ላይ ያልቅ ከተባለ፣ ወይ በጀቱ ባረጀ ትንበያ መኸር ላይ ይሠራል፣ ወይ ምርመራው በጥድፊያ ይታለፋል። ጊዜያዊ ፈቃድ ከእንግሊዝ የተወረሰ ስምምነት ነው። መንግሥት ሒሳቡን ይከፍላል፣ ምክር ቤቱ የመመርመሪያ ጊዜ ያገኛል።

እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም።

አሠራሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ኬቤክ ውስጥ የዓመቱ ወጪ ሩብ ያህል ከኤፕሪል 1 በፊት በአንድ አዋጅ ይፈቀዳል፣ ቀሪው ዝርዝሩ ከተመረመረ በኋላ ይከተላል። ፌዴራሉም በተለምዶ ከ12 ወር የ3 ወሩን ይቆርሳል። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እና አልበርታም ብዙ ጊዜ ማርች ላይ የየራሳቸውን ጊዜያዊ አዋጅ ያወጣሉ። ግን ዓመትን ለ12 አካፍሎ መቁረስ ወረቀት ላይ እንደሚመስለው አይደለም። የሰደድ እሳት የሚያጠፋ መሥሪያ ቤት ወጪው የሚመጣው በጋ ላይ ነው። የመንገድ ሥራ በረዶው ሲቀልጥ ይጀምራል። አንዳንድ ድጎማ በዓመቱ መግቢያ ላይ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ አንዱ ሚኒስቴር ሩብ ሲሰጠው ሌላው ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሊሰጠው ይችላል። ይሄ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ማነው ከሩብ በላይ የተሰጠው፣ ለምን ተሰጠው ብሎ መጠየቅ ግን ጥሩ ልማድ ነው።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አንደኛ፣ ጊዜያዊው ፈቃድ በዓመቱ በጀት ላይ የሚጨመር ገንዘብ አይደለም፤ ከዓመቱ ላይ የሚቀነስ ነው። ሁለተኛ፣ ጊዜያዊውን የደገፈ አባል በጀቱን ደገፈ ማለት አይደለም። የሥራው ሐሳብ ያለው እንዲቀጥል ብቻ ነው፤ አዲስ ፕሮግራም በጊዜያዊ ፈቃድ አይጀመርም የሚለው ልማድም ከዚህ የመጣ ነው። ይሄ የሚያስከትለውን ዋጋ የሚከፍሉት በመንግሥት ድጋፍ የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ ድርጅቶች ናቸው። ነባሩ ድጋፋቸው ይመጣል፣ ቃል የተገባላቸው አዲሱ ግን በጀቱ እስኪጸድቅ ይንጠለጠላል። ሰው ልቅጠር አልቅጠር እያሉ የሚከርሙበት ወቅት ነው።

የዕዳ ወለድ ደግሞ እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። እሱ በቋሚ ሕግ ስለተፈቀደ ምክር ቤት ኖረም አልኖረም፣ በጀት ጸደቀም ቀረም፣ በቀኑ ይከፈላል። አበዳሪ እንደ ነርስ በየዓመቱ ድምፅ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ኦንታሪዮ እንመለስ፤ ነገሩ የሚከረው እዚያ ነው።

ኦንታሪዮ ድሮ ጊዜያዊ ፈቃድን የምትሰጠው በምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ ነበር። ለተወሰኑ ወራት ይፈቀዳል፣ ያልቃል፣ መንግሥት ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ክርክር ይደረጋል። ተቃዋሚዎች ያንን ክርክር የፈለጉትን ጉዳይ ለማንሳት ይጠቀሙበት ስለነበር ለገዢው ፓርቲ ራስ ምታት ነበር። በኋላ ነገሩ ወደ አዋጅ ተቀየረ። አዋጅ ከውሳኔ ሐሳብ ይጠነክራል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በወረቀት አዎ።

በተግባር የሆነውን እዩት። አዋጁ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዓመቱ ሊገባ ወራት ሲቀሩት፣ ባለፈው መኸር ነው፤ ለዚያውም ራሱን ችሎ ሳይሆን በብዙ የማይገናኙ ሕጎች በታጨቀ የበጀት ጥቅል አዋጅ ውስጥ እንደ አንድ ክፍል ገብቶ። የ2025-26ቱ ጊዜያዊ ፈቃድ የወጣው በ2024 መጨረሻ ነበር። ከላይ «ማን ፈቀደ?» ብዬ የጠየቅኩት መልስ እንግዲህ ይሄ ነው፦ ከምርጫው በፊት የተበተነው ምክር ቤት፣ ያላየውን የሌላ መንግሥት ዘመን በጀት ቀድሞ ፈቅዶ ሄደ። ያው ፓርቲ ተመልሶ አሸነፈና ማንም ልብ አላለውም።

አዋጁ ራሱ አጭር ነው፣ ቡና ሳይቀዘቅዝ ተነቦ ያልቃል። ዋናው ነገር ሦስት ቁጥር ነው። አንዱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወጪ፣ አንዱ ለመንግሥት ኢንቨስትመንት፣ አንዱ ለምክር ቤቱ ተጠሪ መሥሪያ ቤቶች። በቃ። ለጤና ስንት፣ ለትምህርት ስንት፣ ለመንገድ ስንት የሚል እዚያ አታገኙም። ወጪው ወደየርዕሱ የሚመዘገበው በኋላ፣ ዝርዝሩ ሲጸድቅ ነው ይላል አዋጁ። ካነሰ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚባል አዋጅ ይመጣል።

ዋናው፣ ሙሉውን የሚፈቅደው አዋጅ መቼ ይጸድቃል? አብዛኛውን ጊዜ በዚያው የበጀት ዓመት መጨረሻ፣ ማርች ላይ። ማለትም ሆስፒታሉ ተከፍሎ፣ መንገዱ ተሠርቶ፣ ድጎማው ተበልቶ ካለቀ በኋላ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ኬቤክ ውስጥ ጊዜያዊ የሚባለው ሦስት ወር ይቆያል፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ጊዜያዊ የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። ስሙ አንድ፣ ነገሩ የተለያየ። የኔ ቅሬታ ያለው እዚህ ነው። ምክር ቤቱ ለመመርመር ጊዜ እንዲያገኝ የተፈጠረ መሣሪያ መንግሥት ምርመራውን ሳይጠብቅ ዓመቱን የሚጨርስበት ሆኗል። ሕገ ወጥ አይደለም። ምክር ቤቱ ራሱ በድምፁ ያደረገው ነው። እሱ ነው የሚገርመው።

ምክር ቤቱ ጭራሽ ከሌለስ? ተበትኖ ከሆነ ወይም ጉባኤው በይፋ ተዘግቶ ከሆነ? ያን ጊዜ ልዩ ማዘዣ ይመጣል። ካቢኔው «ወጪው ግድ ነው፣ የሚፈቅድ ምክር ቤት ደግሞ የለም» ብሎ ይወስናል፣ የዘውዱ እንደራሴ ይፈርማል፣ ካዝናው ይከፈታል። ለእሳት አደጋ የተቀመጠ መዶሻ ማለት ነው፤ መስታወቱን ሰብራችሁ የምትወጡበት። ችግሩ መዶሻው መንግሥት እጅ ላይ ነው፤ አንዳንዴ በሩን የቆለፈውም ራሱ መንግሥት ነው።

በ2003 ኦንታሪዮ ውስጥ የሆነው ይኸው ነበር። የፕሪሚየር (የግዛቱ መንግሥት መሪ) ኧርኒ ኢቭስ መንግሥት ጉባኤውን ዘግቶ ነበር። ማርች 27 ቀን የፋይናንስ ሚኒስትሯ ጃኔት ኤከር በጀቱን ያቀረቡት በምክር ቤቱ ሳይሆን ብራምፕተን ባለ የማግና ኢንተርናሽናል ማሠልጠኛ ውስጥ ነው። የመኪና ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ ነው ማግና። እዚያ፣ በተጋባዦች ፊት፣ በቴሌቪዥን። ኤፕሪል 1 ደረሰ። ምክር ቤት የለም። ወጪው በልዩ ማዘዣ ተሸፈነ። አባላቱ የተመለሱት ኤፕሪል 30 ሲሆን፣ ሜይ 8 ቀን አፈ ጉባኤው ጋሪ ካር፣ ያውም ከገዢው ፓርቲ የተመረጡ ሰው፣ በመጀመሪያ እይታ ምክር ቤቱ ተንቋል የሚያሰኝ ነገር አለ ብለው ወሰኑ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ፓርቲው በምርጫ ወደቀ። በጀቱ ነው የጣላቸው አልልም፣ ሌላም ብዙ ነገር ነበር። ግን ያን ጊዜ ሰው ስለ ወጪ ፈቃድ ቡና ቤት ድረስ አውርቷል፤ ይሄ በየዓመቱ የሚሆን ነገር አይደለም።

ፌዴራሉ ከእንዲህ ዓይነት ነገር ተምሯል። ድሮ ፓርላማ ስብሰባ ላይ እስካልሆነ ድረስ ልዩ ማዘዣ ማውጣት ይቻል ነበር። በ1997 ሕጉ ተሻሻለና ማዘዣ የሚወጣው ፓርላማ ለምርጫ ሲበተን ብቻ ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ አይደለም። ምርጫ ሲጠራ መጨረሻው ይታወቃል፣ አዲስ ምክር ቤት ይመጣል። ጉባኤ ሲዘጋ ግን የሚመለስበትን ቀን በተግባር የሚወስነው መንግሥት ራሱ ነው።

ምርጫ ላይ ጊዜያዊ ፈቃድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ደግሞ ብሪቲሽ ኮሎምቢያን በ2017 ማየት ነው። በጀቱ ፌብሩዋሪ 21 ቀረበ። ሜይ 9 ምርጫ ሆነ፤ ሊበራሎች 43፣ ኒው ዴሞክራቶች 41፣ ግሪኖች 3 መቀመጫ። ማንም ብቻውን አልበቃውም። የክሪስቲ ክላርክ የሊበራል መንግሥት ጁን 29 የመተማመኛ ድምፅ አጥቶ ወደቀ፣ የኒው ዴሞክራቱ ጆን ሆርጋን ጁላይ 18 ቃለ መሐላ ፈጸመ፣ አዲሱ መንግሥት የተሻሻለ በጀቱን ያቀረበው ሴፕቴምበር 11 ነው። ከዓመቱ አምስት ወር በላይ ሄዷል። በዚያ ሁሉ ግርግር የመንግሥት ሥራ አልቆመም፤ ፖለቲከኞቹ ከመጣላታቸው በፊት ማርች ላይ ፈቃዱን አውጥተውት ነበርና። አልበርታም በ2019 ያለ ጸደቀ በጀት ወራት አሳልፋለች። ኤፕሪል 16 ምርጫ ሆኖ ጄሰን ኬኒ ራቸል ኖትሊን በፕሪሚየርነት ተካ፣ የአዲሱ መንግሥት ሙሉ በጀት የመጣው ኦክቶበር 24 ነው። ሰባት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ኒውፋውንድላንድ እና ላብራዶር ደግሞ ማርች 2020 ላይ የባሰ ነገር ገጠማት። ወረርሽኙ ገባ፣ ሁሉም ቤቱ ተዘጋ፣ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ቀናት ቀሩት። ከ40 አባላት ጥቂቶቹ ብቻ ማርች 26 ቀን ተራርቀው ተቀመጡና ጊዜያዊ ፈቃዱን አጸደቁ። በጀቱ የመጣው ሴፕቴምበር 30 ነው። ያን ቀን እነዚያ ሰዎች ባይሰበሰቡ፣ ወረርሽኝ መሀል ሆስፒታል የሚከፈልበትን መንገድ ፍለጋ ሕግ ማገላበጥ ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ሳይ ጊዜያዊ ፈቃድን ለመርገም አፌ ይያዛል።

አንድ ሰው «ምክር ቤቱ እምቢ ቢልስ? እንደ አሜሪካ መንግሥት ይዘጋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ ከ2018 ወደ 2019 በተሻገረው ክረምት 35 ቀን፣ በ2025 መኸር ደግሞ 43 ቀን ተዘግቷል። በካናዳ ግዛቶች እንዲህ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ኮንግረስ ገንዘብ ቢከለክል ፕሬዚዳንቱ ቦታው ላይ ይቆያል፤ ሁለቱም ተፋጠው ይቀመጣሉ። በካናዳ ግን የወጪ ፈቃድ የተከለከለ መንግሥት የምክር ቤቱን አመኔታ አጥቷል ማለት ነው። ይወድቃል። ወይ ሌላ መንግሥት ይተካል፣ ወይ ምርጫ ይጠራል፤ በመሀል ያለውን ልዩ ማዘዣ ይሸፍነዋል።

ጥሩ ነው፣ ሠራተኛ ያለ ደሞዝ አይቀርም። ግን ሌላም ጎን አለው። የምክር ቤቱ መሣሪያ በጣም ከባድ ከመሆኑ የተነሳ ለትንሽ ነገር አይተኮስም። አንድ ሚኒስቴር ላይ ጥያቄ ያለው አባል ለዚያ ሲል መንግሥት አይጥልም። ያለው አማራጭ ጊዜ ነው፦ ፈቃዱን አጭር አድርጎ መንግሥት ቶሎ ተመልሶ እንዲመጣ ማስገደድ። ሦስት ወር የተሰጠው መንግሥት በሦስተኛው ወር ጥያቄ ሊመልስ ይቀርባል። ዓመት የተሰጠው ምን ይጎትተዋል? ለዚህ ነው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የጊዜው ርዝመት የሚያሳስበኝ፤ ቢሊዮኑን ሁሉም ያያል፣ ወሩን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። የየሚኒስቴሩ ድርሻ አዋጁ ላይ መጻፉም ቀላል ነገር ነው፣ ሌሎች ግዛቶች ከነዝርዝሩ የሚያወጡት አለና። ከጥቅል አዋጁ ወጥቶ ለብቻው ድምፅ ቢሰጥበት ደግሞ ቢያንስ አባላቱ ምን እንደፈቀዱ ያውቁ ነበር።

ይሄን ለማድረግ ሕገ መንግሥት መቀየር አያስፈልግም፣ የምክር ቤቱ አብላጫ ይበቃዋል። አብላጫው ግን የመንግሥት ነው። ስለዚህ የሚጠበቀው ምናልባት ማንም ብቻውን የማይበቃው ምክር ቤት ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ወራቱን መቁጠር ለተቃዋሚው ብቻ ሳይሆን ለመንግሥቱም የሕልውና ጉዳይ ይሆናል።

እስከዚያው ኦንታሪዮ ውስጥ አካሄዱ ያው ነው። ማርች መጨረሻ ላይ ምክር ቤቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት የቀሩትን ዓመት ሙሉ ወጪ በይፋ ይፈቅዳል፣ ጊዜያዊውም አዋጅ ይሻራል። በዚያ ቀን የሚቀጥለው ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ከጸደቀ ብዙ ጊዜ ወራት አልፎታል።